ገበያውን የጠራው ክላክስ

ከዲጃ አራስ ልጇን ልትጠይቅ ዴራ ወርዳ ሁለት ወር ቆይታ የተመለሰች ዕለት፣ ጎረቤቷን ጠጂቱን በረንዳዋ ላይ ምስር ስትለቅም አገኘቻት። ጠጂቱ ገና ከበር ስታያት መሳቅ ጀመረች። አንድ ወሬ በሆዷ ይዛ፣ በቅጡ የምታጣጥምላት ሰው ዴራ ስለነበረች፣ ልትታመም ምንም አልቀራትም ነበር። ችግሩ የወሬው ባለቤት እዚያው ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው። ታናሽ ወንድሟ ከአባታቸው በቀረው አሮጌ ፒካፕ ሥር ተንጋሎ ተኝቷል፤ ሁለት እግሮቹ ብቻ ወደ በረንዳው ወጥተዋል። ጆሮው የት እንዳለ ጠጂቱ አላጣችውም። ስለዚህ ድምጿን አልቀነሰችም፤ ስሙን ብቻ ላትጠራ ወሰነች።

«አካም ጅርታ ከዲጃ? ነይ፣ እዚች ላይ ቁጭ በይ። የዴራ ሙቀት እንዴት ሰነበተ? ልጅሽ ሙቢናስ? ሕፃኑስ ጡት ያዘ? እሰይ፣ እሰይ... እኛማ ደህና ነን። ብርዱ እንደምታውቂው ነው። እናቴም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ አልታዘዝ ብሏታል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሌላ ምን አለ... ምንም የለም። ሰላም ነው።»

ምስሩን አንጓለለች። አንድ ጠጠር አውጥታ ወደ መኪናው አቅጣጫ ወረወረች።

«እንዲያው ግን... ሰው መኪና በገዛ እጁ፣ በገዛ ግቢው ሲሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ። ስሙ ምን ያደርግልሻል? ጎበዝ ሰው ነው። ጋራዥ የሚባል ነገር አይወድም። ‹መካኒክ ያበላሽብኛል› ይላል። እውነቱን ነው፤ ሰው ራሱ ማበላሸት እየቻለ ለምን ለሌላ ይሰጣል?

«አራት ዓመት ሠራው። አራት ዓመት ከዲጃ... ይህን የሚያህል ትዕግሥት ዛሬ የት ይገኛል? እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚሉት? እኛም ቀስ በቀስ በጎማው ይሄዳል ብለን ጠበቅን። ልዩነቱ፣ እንቁላሉን ዶሮ ከላይ ትተኛበታለች፤ ይሄኛውን ግን ሰው ከሥር ነው የሚተኛለት።»

ከመኪናው ሥር የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ግን የሚቸኩል ሰው እንዳይመስልሽ። ረጋ ብሎ ያፈሳል፣ ረጋ ብሎ ይለቅማል። ፈቶ በገጠመ ቁጥር ታዲያ የሚተርፉ ብሎኖች አሉ። በዱቄት ወተት ጣሳ ያጠራቅማቸዋል፤ ሁለት ጣሳ ሞልቷል። ፋብሪካ ውስጥ የሠሩት ሰዎች ስንት ብሎን በከንቱ እንዳባከኑ አየሽ... እሱ ባይደርስበት ማን ያውቅ ነበር?

«ማሳመሩንስ? ከመሬት ከፍ ይበል ብሎ ባሌስትራ ጨመረበት። እናቴ አንድ ቀን ልቀመጥበት ብትል፣ በርጩማ ላይ አቁመን ለሁለት ገፋናት። ወደ ሰማይ ቤት እንኳ ሰው እንዲህ ተቸግሮ አይወጣም። ግንባሩ ላይ ደግሞ ሰባት መብራት ደረደረ። ሞተሩ አይነሣ እንጂ ቆሞ ሲያበራ ለጉድ ነው። ክላክሱን ካረጀ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ፈቶ አመጣ። እየሄደ ‹መንገድ ልቀቁ› የሚል መኪና ሞልቷል። ከቆመበት ‹ልቀቁልኝ› የሚል ግን... የት ታገኚያለሽ?»

ጠጂቱ እዚህ ላይ ሳቋ አመለጣት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ወንበሯን ወደ መኪናው ትንሽ አስጠጋች።

«ለካስ ሰውየው ሐሳብ ነበረው። አርባ ሦስት ዓመት ዕድሜውን ሙሉ ሲያስበው የቆየ ሐሳብ... ሳጉሬ ላይ ቢፍቱ የምትባል መምህርት አለች። ሁለት ዓመት በስልክ ሲያጫውታት ኖሯል። ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ። በምን? በራሱ መኪና ነዋ። ወጉን መቼም ታውቂዋለሽ፤ አግቢው ቤቱ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ይሄዳል። ይሄ ግን ሙሽራም ሹፌርም ሆነ። ምን ያድርግ? የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር ሲነካካ እንደሚነሣ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ‹ከቤታቸው ራቅ ብዬ አቆምና ከመሪው ሥር እደበቃለሁ› አለ። መልካም ዘዴ ነው... መኪናው ከተስማማ።

«እኔ ለገበያ ብዬ ከኋላ ተጫንኩ። አቶ ገብረ መድህን ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራባቱ፣ ጋሼ ዱሬሳ ባርኔጣቸውን አድርገው ከፊት ገቡ። ሦስተኛው ሽማግሌ መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩና ጉንፋን ያዛቸው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ተኝተው ያጠበቁትስ? ዳገት ላይ ይፈታል። ምን እንደወለቀ እንጃ፤ ብቻ መኪናው ተነፈሰና ቆመ። ድንች የጫነ ጋሪ አለፈን። ፈረሱ ዞሮ አየን... ፈረስ ሲያፍርልሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? አቶ ገብረ መድህን ክራባታቸውን ወደ ትከሻቸው ጥለው ወርደው ገፉ። ‹ሠላሳ ዓመት ሳስታርቅ ሽምግልና በአፍ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ በጫንቃ ነው› አሉ።»

ከፒካፑ ሥር አንዱ እግር ታጠፈ። ሌላውም ተከተለው።

«ሳጉሬ መግቢያ ላይ ታዲያ... ክላክሱ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ጮኸ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ሽቦ ሲያብር ደግሞ ገበያ ይጠራል። አልቆምም አለ። የገበያ ቀን ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። ሰባት መብራት ያበራ፣ ክላክሱ የማያባራ፣ ክራባት ያሰሩ ሽማግሌ የጫነ መኪና ሲያዩ ምን ይበሉ? ሠርግ ነው አሉ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እልል አለች። ከዚያማ ማን ይመልሳቸው... ሴቱ በእልልታ፣ ወንዱ በጭብጨባ፣ ባጃጁና ጋሪው ከኋላ። እኔስ? ምን ልበልሽ... አብሬ እልል አልኩ። ገና ሊጠይቅ የሄደ ሰው ተሞሽሮ ገባልሽ።

«የቢፍቱ አባት ጋሼ ቱፋ የእህል ወፍጮ አላቸው። ዱቄት እንደለበሱ በር ላይ ወጡ። ‹ማሊ ኩን? ይሄ ምንድን ነው? ልትለምኑ ነው ወይስ ልትወስዱ የመጣችሁት?› አሉ። አቶ ገብረ መድህን አፋቸውን ሲከፍቱ ክላክሱ ይቀድማቸዋል። ሰውየውስ? ከመሪው ሥር ነዋ። እንዳለው ተደብቋል... እግሩን ግን መላው ሳጉሬ ያየዋል። አንድ ሽቦ ሲነቅል የዝናብ መጥረጊያው ተነሣ። ሌላ ሲነቅል ሬዲዮው ዘፈን ጀመረ። አራት ዓመት የተለፋበት ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ሠራ እኮ ከዲጃ... ከተፈለገው በቀር።

«ያኔ ልጅቷ ሽርጥ እንደታጠቀች ወጣች። ከወፍጮ ሞተር ጋር ያደገች ናት። ማንንም ሰላም ሳትል ኮፈኑን ከፈተች፣ ክንዷን ሰደደች፣ አንዲት ሽቦ መዘዘች። ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ገጥሞኝ አያውቅም፤ የጋሼ ዱሬሳ ሆድ ሲጮኽ ሁላችንም ሰማን። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከመሪው ሥር አየችው። ‹ደህና ዋልክ?› አለችው። እሱም ከነዘይቱ ‹ደህና ዋልሽ› አላት። በቃ። አባቷን አየቻቸውና ሳቀች። ያን ሳቅ አይተው ነው ጋሼ ቱፋ ‹እንግዲያው ግቡ› ያሉን። በሁለተኛው ቀጠሮ እሺ አሉ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

ጠጂቱን ያን ቀን ወንድሟ ከመሪው ሥር ሲወጣ ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ትዝ አላት። እንደዚያ ደስ ብሎት ያየችው ገና ልጅ ሳለ፣ አባታቸው መሪውን ሲያስይዘው ነበር። ይህን ግን ለከዲጃ አልነገረቻትም። ምስሩን ወደ ሌላው የሰፌዱ ዳር ገፋችና ቀጠለች።

«መኪናው? እዚያው ቀረ፤ እኛ በሚኒባስ ተመለስን። በሳምንቱ ልጅቷ ራሷ ጠግና፣ እየነዳች አመጣችው። የተጨመረውን ባሌስትራ አውጥታ ዝቅ አድርጋዋለች። እናቴ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ በወጉ ሲሄድ ያላየችውን መኪና፣ ያለ በርጩማ ገባችበት። ልጅቷ ጸሎት ቤት ድረስ ወስዳ መለሰቻት። መንገዱን ሙሉ እናቴ የአባቴን ወንበር ስትደባብስ ነበር...

«ልጅቷ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ብቻ ነገረችው። ቆሜ ሰምቻለሁ። ‹መኪናውን አትንካው› አለችው። እሱ ደግሞ ቃል የሚያከብር ሰው ነው። ‹መኪናውን› ነው ያለችው እንግዲህ... ሥሩን አላለችም። እኔ ምን አገባኝ? ነገ እናቴ ለጉልበቷ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት፤ ልጅቷ ልታደርሳት ከሳጉሬ ትመጣለች። ሞተሩ ካልተነሣ እናቴ ወርዳ ትገፋለቻ። ካቃታትም አቶ ገብረ መድህን ለምደውታል።»

ከመኪናው ሥር ብሎን በጥንቃቄ ሲጠብቅ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በኋላም ክሪኩ ሲወርድ ተሰማ። ወንድሟ እየተሳበ ወጣ። ግንባሩ ዘይት፣ ጆሮዎቹ ደም መስለዋል። ከዲጃን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት። የመፍቻ ሳጥኑን ቆለፈና ቁልፉን እህቱ ሰፌድ ላይ፣ ምስሩ መሃል አኖረው። ከዚያ ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። ከንፈሩ ዳር ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር ነበረ፤ ላለማሳየት ቶሎ ዞረ።

ጠጂቱ ማሸነፏን አወቀች። እዚህ ላይ ብታቆም በበቃ፤ ምላሷ ግን ጣፍጧት ነበር። ቁልፉን አንሥታ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች፣ መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ጀርባውን እያየች ድምጿን እንደ ማር አለዘበች።

«ጌታ ይባርከው... ያንን የማውቀውን ሰው። ከልቤ ነው ከዲጃ። ትዳሩን ያጽናለት። ቤቱን የሚሞሉ ልጆች ይስጠው። መልካቸው እሱን ይምሰል፣ ቁመናቸውም እሱን፤ ልባቸውም እንደ እሱ ቅን ይሁን። እጃቸውን ብቻ... እጃቸውን ጌታ በእናታቸው ያውጣላቸው። አሜን በይ እንጂ።»