የዕድሩ ተሳቢና የጣርማ በር ቁልቁለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ሹፌር የሆነ ሰው ወሬው ላይ ትንሽ ይጨምርበት ነበር። ትንሽ ነው ታዲያ። እኔ ግን አበዛሁት። ሠላሳ ዓመት የነዳሁት የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ነው፤ ጠዋት ከገርጂ ቦሌ፣ ማታ ከቦሌ ገርጂ፣ በቃ። ያየሁት ትልቁ ዳገት የቀለበት መንገድ ድልድይ ነው። ይኼን ለእናንተ ነው የምነግራችሁ፤ ያኔ ትንፍሽ አላልኩም።

ታዲያ ያቻምና በጥር፣ ያው የሰርግ ወር ነው፣ እዚሁ ሰሚት ከኛ ፎቅ በታች ያለው ደምሴ ልጁን ሊድር ሆነ። ድግሱ የት ነው? ትውልድ አገሩ፣ ደብረ ሲና። እና ዕድሩን ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹን፣ ሰታቴዎቹን አውሱኝ ብሎ ለመነ። ዕድራችን ደግሞ ለዕቃ ማመላለሻ ብሎ አንድ ተሳቢ አሠርቷል፤ ባለ ሁለት ጎማ፣ ከፒካፕ ኋላ የሚታሰር። ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ይኼን ይዞ ተራራውን የሚሻገር ሹፌር ማን አለ ሲል፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄ ወጣ። ተሳቢ ስጎትት ነው ያረጀሁት አልኩ። ሰው አጨበጨበ። እና አያችሁ፣ አንዴ ከተጨበጨበልህ በኋላ ዋሽቼ ነው ማለት አይሆንልህም።

የዕድር ዕቃ ደግሞ ብቻውን ከከተማ አይወጣም፤ ንብረት ያዥዋ አብራ ትሄዳለች። ንብረት ያዥዋ ዘነበች ናት። ታውቋታላችሁ አይደል፣ አንድ ጭልፋ ከጎደለ ለቀስተኛ አስቁማ የምትፈትሽ ሴትዮ። ደብተሯን ታቅፋ ጋቢና ገባች።

ጭነቱን ያስጫንኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ በድግስ ቤት ወጥ ከድንኳን ይቀድማል፣ ድንኳኑ ሳይተከል እሳቱ ይነዳል። እኔም ድስቶቹ ቀድመው እንዲወርዱ ብዬ ሰታቴውን ሁሉ፣ የብረት ምድጃውን ሁሉ ከተሳቢው ኋላ ጫፍ ላይ አስከመርኩት። ሴቶቹ ደግሞ ከሾላ ገበያ የገዙትን ሽንኩርት ሰታቴዎቹ ውስጥ ሞሉበት። ከፊት ሸራው ብቻ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ እንዲህ ነው የሚጫነው እላለሁ። የፒካፑ ቂጥ ተነሥቶ አፍንጫው መሬት ሲያሸት አላየሁትም።

ደብረ ብርሃንን አልፈን ሜዳ ሜዳውን ስንሄድ ተሳቢው ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ጋሽ አሰፋ፣ ይኼ ነገር ይወዛወዛል» አለችኝ።

«ተሳቢ ሲደሰት እንዲህ ያደርገዋል» አልኳት።

እሷም አመነች። ምን ታድርግ፣ ያረጀሁበት ነው ብያለሁ።

ታዲያ ጣርማ በር ስንደርስ ጉም። ዋሻውን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሬን እይዛለሁ፣ ተሳቢው ከኋላ ይገፋኛል፤ መሪ አቀናለሁ፣ እሱ ወደ ገደሉ ይጎትተኛል። በመስኮት ባይ መሬት የለም፣ ጉም ብቻ። ዘነበች ማርያምን ትጠራለች። እኔ ፈራሁ፣ ልጆች። ሰርጉን ነው የፈራሁት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገ ሙሽራ ይገባል፣ ወጥ ሠሪዎቹ ድስት ይጠብቃሉ፣ ድስቶቹ እኔ ጋ ናቸው። እሱንም ፈራሁ፣ ግን ሞቴን ነው የበለጠ የፈራሁት።

እንደምንም መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሽቅብ የሚመጣ የከባድ መኪና ሹፌር አይቶን ቆመና ወረደ፤ ጋቢ የተከናነበ ጎልማሳ ነው። ተሳቢውን ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ መጎተቻውን አየው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ፋዘር፣ ተሳቢ ስንት ዓመት ነድተዋል?»

እኔ ሳልመልስ ዘነበች ቀደመችኝ፤ «ዕድሜያቸውን ሙሉ» አለች፣ ኮራ ብላ።

እና እሱን አየሁ፣ እሷን አየሁ፣ ጉሙን አየሁ። ወደዚያ ቁልቁለት እንደገና መግባት አቃተኝ።

«ዛሬ ጠዋት ነው የጀመርኩት» አልኩ።

ዘነበች ፊቷን አዞረችብኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ሰውዬው አልሳቀብኝም። ከባዱ ወደፊት ይምጣ፣ ሁሉም ይውረድና እንደገና ይጫን አለ። እዚህ ላይ ዘነበች አፏ ተከፈተ፤ የዕድር ዕቃ ተቆጥሮ ይወርዳል፣ ተቆጥሮ ይጫናል አለች። እና በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጉም፣ እኔና ሹፌሩ ሰታቴ እንሸከማለን፣ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «ሰታቴ አንድ፣ ክዳን አንድ» ትላለች። ሲያልቅ ደግሞ ሰውዬውን ምስክር ብላ አስፈረመችው። እሱም ጋቢውን ሰብስቦ ፈረመ።

ከዚያማ ተሳቢው በግ ሆነ። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ሳይመሽ ደረስን፣ ድስቱ ተጣደ፣ ሰርጉም አማረ። ዘነበች ግን ስንመለስም እስከ ሰሚት ድረስ አላናገረችኝም።

ታዲያ በወሩ ስብሰባ ላይ ሪፖርት ልታቀርብ ተነሣች። አለቀልኝ አልኩ። ዕቃው በሙሉ ገብቷል አለች። ቀጥላ፣ ተሳቢውን ከእንግዲህ ጋሽ አሰፋ ብቻ ይንዱት አለች። ሰብሳቢው በልምዳቸው ነው አይደል ሲላት፣ ምን ብትለው ጥሩ ነው፦

«ኧረ ምንም ልምድ የላቸውም። ግን እዚህ ካላችሁት ወንዶች ሌላው ቢሆን ገደል ውስጥ ገብቶም እችላለሁ ይላል። እሳቸው ከገደሉ በፊት አመኑ።»

ሳቁ፣ ልጆች፣ ሳቁ። እኔም ያን ቀን እንደዚሁ ነው የሳቅኩት፤ ሌላው ሳይጀምር።