ባለ አንድ ኮከቧ ደንበኛዬ

«አክስቴ፣ መስኮቱ ብርድ አያስገባብዎትም? ልዝጋው እንዴ? … እሺ፣ ይሁን። ዛሬስ ፀሐይዋም ደግ ሆናለች፤ ለእንግዳ ብላ ነው መሰለኝ።»

ዳንቴል ሠሪዋ ይህን ስትል እጇ ከኪሮሹ አልተላቀቀም። አክስቷ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል፣ ለእሳቸው የሚነገር ነገር ሁሉ ለቤቱ በሙሉ ይዳረሳል። በሌላ ጊዜ ጉሮሮዋን የሚያደክማት ይህ ነገር ዛሬ ተመችቷታል። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ፣ የወንድሟ ሚስት ተቀምጣለች። ባልና ሚስቱ ከሚኖሩበት ከባሕር ማዶ ለዕረፍት መጥተው፣ ሰንብተው፣ ዛሬ መሄጃቸው ነው። ወንድሟ ታክሲ ሊያመጣ ወጥቷል። ሦስት ሴቶች፣ አንድ ክፍል፣ አንድ በራድ ሙሉ ዝምታ ሊሆን ይችል ነበር፤ ዳንቴል ሠሪዋ ግን ዝም ለማለት አልተነሳችም።

«ትናንት ሥራሽ እንዴት ነው ብለውኝ ሳልመልስልዎት ቀረሁ። ተመስገን ነው አክስቴ! በኢንተርኔት እየሸጥኩ፣ የእኔ ዳንቴል የማላውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል። ‹አሁን ዳንቴል ማን ያነጥፋል፣ የአሮጊት ነገር!› የሚሉ ሰዎች ነበሩ … ነበሩ አይደል? ማን ነበር ያለው? እኔ እንጃ፣ ረሳሁት።»

እንግዳዋ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች። ስኳር አልጨመረችበትም።

«ደንበኞቼ ደግሞ ምን ዓይነት ሰዎች መሰሉዎት! አንዷን ላጫውትዎት። ስሟን አልጠራም፤ ሰውን በስም ማንሳት ነውር ነው። ደግሞ ብፈልግስ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ? ስታዝ የጎረቤቷን ስም ነው የጻፈችው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የእሷን ግን ጎረቤት አዋሳት። ይህን የመሰለ ትሕትና አይተው ያውቃሉ? ሰው ሁሉ ስሜ ይጠራልኝ በሚልበት ዘመን!

«ትልቁን የጠረጴዛ ልብስ አዘዘች። ጽጌረዳ ጽጌረዳ ያለውን፣ እርስዎ ‹ዓይንሽን ጨረሰው› ያሉኝን። ወዲያው መልእክት ላከችልኝ፤ ‹እሽጉ ላይ ስጦታ ነው ብለሽ ጻፊ፣ ዋጋውንም ዝቅ አድርጊው› የሚል። ጉምሩኩ ቀረጥ እንዳያስከፍላት እኮ ነው! ብልህነት ካልቀረ እንዲህ ነው። እኔ ሞኟ፣ ‹እመቤቴ፣ የሸጥኩትን ስጦታ ነው ብዬ ብፈርም ውሸታም እሆናለሁ፤ ቀረጡን የሚወስደው የሀገርሽ ጉምሩክ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ይህም ገጼ ላይ ከዕቃው ሥር ተጽፏል› አልኳት። ዝም አለች። ዝምታ ወርቅ ነው አይደል የሚባለው? … ወርቅ ደግሞ ቀረጥ አለበት ለካ!»

አክስትየው ሳቁ። ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው አይታወቅም፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ክራቸውን መጠቅለል ቀጠሉ።

«ዕቃው ደረሰላት። ጉምሩኩም በሩ ላይ ቆሞ የድርሻውን ጠየቃት። ከዚያማ ቁጭ ብላ አስተያየት ጻፈችልኝ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ‹ሥራው እጅግ ያምራል። ነገር ግን ሌላ ክፍያ ተጠየቅኩ። ሻጯ አታላይ ናት።› አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ጉምሩክን ማን ደፍሮ ይሰድባል? … ዳውላዋ እኔ አለሁላት። ከአምስት ኮከብም አንዱን ሰጠችኝ። አይፍረዱባት አክስቴ፣ አንዱስ ቢሆን ማን ይሰጣል? አራቱን ለራሷ አስቀረቻቸው፤ መንገዷ ጨለማ ሳይሆንባት አይቀርም።»

ድምፅዋ ሳቂታ ነበር። አስተያየቱ በወጣ ሰሞን ግን አልሳቀችም። ያቺ አንዲት ኮከብ ገጿን ወደ ታች አወረደችው፤ በየጊዜው የሚመጣው ትእዛዝ ጭል ጭል ብሎ ሊጠፋ ደረሰ። አታላይ የምትለው ቃል ከሁሉ በላይ አንገበገበቻት፤ አንድ ዙር ተሳስታ ብታገኝ ሙሉውን ፈትታ እንደገና የምትጀምር ሴት ናት። መልስ ጻፈች፤ እሳት ነበር፣ አጠፋችው። ደግማ ጻፈች፤ ልቅሶ ነበር፣ እሱንም አጠፋችው። በመጨረሻ ረጋ ብላ፣ «ሥራውን ስለወደዱልኝ አመሰግናለሁ። ቀረጡ በእኔ እጅ ባይሆንም ስለገጠመዎት ወጪ አዝናለሁ። የሚመጣው ሰው እንዳይደናገር ስለ ቀረጥ የሚናገረውን ማስታወቂያ ከዕቃው በላይ በጉልህ አድርጌዋለሁ» ብላ ለጠፈች። ያለችውንም አደረገች።

ከአስተያየቱ ጋር ፎቶ ተያይዞ ነበር። ሥራዋን በሰው ቤት ማየት ስለምትወድ፣ ብትናደድም አጉልታ አየችው። ከጠረጴዛው ጀርባ ሶፋ አለ። ሶፋው ላይ ትራስ አለ። ትራሱ ላይ አበባ ተጠልፏል፤ አንዷ ቅጠል ወደ ተሳሳተው ጎን ዞራለች። አክስቷ ለወንድሟ ሠርግ የጠለፉት፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ የሳቀበት፣ በዓለም ላይ ወንድም እህት የሌለው ትራስ ነበር። ትእዛዙ ላይ የነበረው ስምም ወንድሟ በስልክ የሚያነሳት የጎረቤታቸው ስም እንደሆነ ያኔ ገባት።

ለወንድሟ ደውላ ልትነግረው ነበር። ግን ታውቀዋለች፤ በሐፍረት ቤቱን ያፈርሳል እንጂ ዝም ብሎ አያልፍም። ስለዚህ ዋጠችው። ሲዋጥ ግን የሚወርድ ነገር አለ፣ ጉሮሮ ላይ ቆሞ ቀን የሚጠብቅም አለ።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? ይቺ ልጅ ግን ትጉህ ናት፤ ልጧን ይዛ ባሕር ተሻግራ ነው የነከረችው። … ምነው የኔ እመቤት፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ! ላሙቅልሽ? … እና አክስቴ፣ የኢንተርኔት ገበያው ሰዎች ‹አስተያየቱ ስለ ጉምሩክ እንጂ ስለ አንቺ ስላልሆነ አመልክቺ፣ እናነሳዋለን› አሉኝ። እንዴት አድርጌ! ያን የመሰለ ፎቶ? ይቺ ሴት እኮ እጇ ወርቅ ነው፤ ብርሃኑ፣ ጥላው፣ ሶፋው … ሶፋውን ቢያዩት! ተውት አልኳቸው። ምን ሆነ መሰለዎት? አንዱ ገዢ ከሥሩ ‹አንድ ኮከብ እንዲህ ካማረ አምስቱ ምን ሊሆን ነው?› ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲያማ ያንኑ የጠረጴዛ ልብስ ሥሪልን የሚለው በዛ። አሁን ክር የምገዛው በእሷ በረከት ነው። በነፃ የምትሠራልኝ ማስታወቂያ ሆነችልኝ አክስቴ! ደሞዝ እንኳ አልጠየቀችኝም። ዘመድ እንዲህ ያደርጋል?»

አክስትየው ክራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ፣ እጃቸውንም ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልኳ ዘረጉ። ፎቶውን ማየት ፈለጉ።

የእንግዳዋ ማንኪያ ከሲኒው ጋር ተጋጨ። ዳንቴል ሠሪዋ ስልኩን አንስታ ፎቶውን ከፈተችው። አክስቷ ያቺን ቅጠል ለማወቅ መነጽር እንኳ እንደማያስፈልጋቸው ታውቃለች። ቀና ስትል የወንድሟን ሚስት ዓይን አገኘችው፤ ያ ሁሉ ኩራት የት እንደገባ እንጃ፣ ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን ይለምን ነበር። ወዲያው የወንድሟ ሳቅ ከደጅ ተሰማ፤ ከታክሲ ነጂው ጋር እየተጫወተ ነው። የደስተኛ ሰው ሳቅ ነበር።

ስልኩን አጠፋችው።

«ውይ፣ ባትሪው አልቋል አክስቴ። ይቅር፣ ምን ያደርግልዎታል? ሶፋ ሶፋ ነው።»

ወንድሟ ገብቶ ሻንጣውን አነሳ። አክስትየው ተነስተው አቀፉት፣ ደግመው አቀፉት። ዳንቴል ሠሪዋም ኪሮሿን አስቀምጣ ወደ ወንድሟ ሚስት ሄደች። ጉንጯን ስማ፣ የኮቷን ኮሌታ በእጇ አስተካከለችላት። የልጅቷ ጉንጭ ይፋጅ ነበር። አክስትየው እንዲሰሙ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መረቀቻት።

«በይ የኔ እመቤት፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ወንድሜን በደህና ይዘሽልኝ ግቢ፣ ጎጇችሁ ይሙቅ። ፈጣሪ አንቺ ለሰው እንደምታስቢው ያስብልሽ፤ ሳይቀንስ፣ ሳያጓድል … እንደ ልብሽ ይስጥሽ። … ምነው? አሜን በይ እንጂ!»