«ተመርጠሻል» የሚለው ደብዳቤ

ክቡር ርዕሰ መምህራችን አቶ ታረቀኝ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ወንበሩን ከየክፍሉ ተሸክማችሁ፣ ዳቦውን ደፍታችሁ ለዚህ ቀን ስላበቃችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻንጣም ሸልማችሁኛል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚህ ከቆቦ ትምህርት ቤት ግቢ ሳልነቃነቅ ኖሬ ሻንጣ መሸለሜ ምን ማለት ነው? «ቶሎ ሂጂልን» ነው? አንተ መምህር እንዳለው፣ አትሳቅ፤ ሐሳቡ ያንተ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ወዳጅ የላትም። ማርክ አዘግይታችሁ ስታመጡ ጮኼባችኋለሁ። ለእሱ ይቅርታ አልጠይቅም፤ አዘግይታችኋላ! ይቅርታ የምጠይቀው በሌላ ነገር ነው። ስለ ደብዳቤዎቹ ነው። እሱን ሳልናገር ከዚህ ብወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ነገሩ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ካለ አንድ ስመ ጥር የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ስልክ ተደወለ። ስሙን አልጠራም። «በየገጠሩ ያሉ ጎበዝ ልጆችን እየፈለግን ነው፤ ከአሥረኛ ክፍል ደረጃ የወጡትን ስም ላኩልን» አሉ። ደስ አለኝ። ዝርዝሩን በእጄ ጽፌ ላክሁ። በወሩ ደብዳቤ መጣ። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ ዓርማው ወርቃማ ነው። «ውድ ተማሪ፣ ባስመዘገብሽው የላቀ ውጤት ተመርጠሻል» ይላል።

ተመርጠሻል! ይህችን ቃል በጠዋት ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ ያነበብኳት እኔ ነኝ። ደብዳቤው የራቢዓ አሊ ነበር። አባቷ አቶ አሊ ወሬውን ጎብዬ ገበያ ላይ ሰማ። «ልጄን አዲሳባ መረጧት!» ብሎ ሙክት አርዶ አገሩን ጠራ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ደግሞ ሌላ ሙክት በጎረቤቱ እጅ አሳረደልን። እኔም ሄጄ በላሁ።

ከደብዳቤው ግርጌ በደቃቃ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበረ። «ይህ ደብዳቤ ለማመልከት የሚጋብዝ እንጂ የመግቢያ ማረጋገጫ አይደለም» ይላል። እኔ መነጽሬን አድርጌ ያየሁት ከድግሱና ከዱዓው በኋላ ነው።

ራቢዓ ሄደች። ፈተናው በኮምፒውተር ሆኖ ቆያት። ያኔ እዚህ ግቢ የነበረው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጨርቅ ተከናንቦ ነበር የሚውለው። ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። «እትዬ የትናየት፣ ጥያቄውስ የማውቀው ነበር፤ መክፈቻው ነው የጠፋኝ» አለችኝ። ምን ልበላት? ሙክቱ ተበልቷል።

ተናድጄ ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሳችው። «እንደ አፋር ላሉ ታዳጊ ክልሎች ልዩ ድጋፍ አለን፤ የእናንተ ክልል ግን አይካተትም» አለችኝ። «ልጄ፣ እኛና አፋሮች እኮ ግመል የምናጠጣው ካንድ ጉድጓድ ነው» አልኳት። «መመሪያ ነው እማማ» አለች። የአፋር ልጆች መታገዛቸው ደስ ይለኛል፤ ይገባቸዋል። ግን ድርቅ ሲመጣ «ክልልህ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንዴ?

ደብዳቤው በየዓመቱ መጣ። እስከ ዛሬ አርባ ሰባት ደረሰ። ስንት ልጅ ገባ? አንድ። እሱስ ማን ነበር? የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ በዝውውር መጥቶ፣ አንድ ሴሚስተር ተምሮ፣ «የቆቦ ተማሪ» ተብሎ ወደ መጣበት ተመለሰ። ማህደሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ወረቀቱ የተሟላ ነበር፤ ምን ብዬ ልከልክለው? ልጁንም አልወቅስም፤ ጨዋ ልጅ ነበር።

ደሜን ያፈላው መጽሔታቸው ነው። «ለድርቅ ተጋላጭ ከሆኑ አካባቢዎች የመጡ አመልካቾቻችን በእጥፍ ጨመሩ» ብለው በትልቁ ጽፈዋል። አመልካቾች! የገቡ አላሉም እኮ። ብዙ ሰው አንኳኩቶ ሲመለስ የእነሱ በር ይከበራል ማለት ነው። ልጆቻችን የተፈለጉት ለመማር ሳይሆን ለመቆጠር ነው።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ባለፈው ዓመት ስድስት ደብዳቤ ሲመጣ ካቢኔት ውስጥ ቆለፍኩበት። ልጆቹ እየመጡ «ዘንድሮ ደብዳቤ የለም?» ይሉኛል። «የለም» እላለሁ፤ ዓይኔን እንኳን ሳላሽ። አቶ ታረቀኝ፣ ይህን ገና ዛሬ መስማትዎ ነው፤ ቢቆጡ ይገባዎታል። ሌላ ቤት እንዳያዝን ብዬ ነበር። ግን ከስድስቱ አንዱ የሚገባ ቢሆንስ? እኔ ማን ነኝ? እነሱ ልጆቹን ሳያዩ ይጥላሉ፤ እኔ ግን ስማቸውን፣ አባታቸውን፣ ማርካቸውን እያወቅሁ ጣልኳቸው። የእኔ ይብሳል። የእነዚያ የስድስቱ ጊዜ አልፏል፤ ልመልሰው አልችልም። ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ አምስት መጣ። እሱንም ቆልፌበት ነበር። ትናንት ካቢኔቱን ለተተኪዬ ለቆንጅት ላስረክብ ስከፍት አፈጠጡብኝ። አራቱን ዛሬ ጠዋት ለባለቤቶቻቸው ሰጠሁ። አምስተኛውን ግን እጄ እምቢ አለ። የሀሊሜ አሊ ነው። የራቢዓ ታናሽ እህት።

ራቢዓን ታውቋታላችሁ፤ የፊዚክስ መምህርታችን፣ ይኸው እዚያ ጥግ ተቀምጣለች። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ተመርቃ መጣች። ያንን ደብዳቤ ለዚያው ቤት ሁለተኛ ጊዜ በምን አፌ ልስጥ?

እንግዲህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። አቶ ታረቀኝ፣ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ሰዎች ይጻፉላቸው፤ ከአርባ ሰባት ደብዳቤ አንድ ልጅ ብቻ መግባቱን፣ እኔ የቆለፍኩባቸውንም ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ወይ በወረቀት ይፈትኑ፣ ወይ እውነቱን ይናገሩ። ቆንጅት፣ አንቺ ከግርጌው ጀምረሽ አንብቢላቸው። የአይሲቲ መምህራን ደግሞ፣ ዛሬ ሰባት የሚሠራ ኮምፒውተር አለን፤ «ይበላሻል» እያላችሁ ክፍሉን አትቆልፉት። በመቆለፍ ከእኔ የበለጠ ያጠፋ የለም።

ፈጣሪ ሁላችሁንም ይባርክ። ዝናቡ በወቅቱ ይጣልላችሁ፤ ማሽላችሁን ወፍም አንበጣም አይይብላችሁ። ልጆቻችሁ የደረሱበት በር ይከፈትላቸው። ጡረታችሁ ያለ ጸጸት ይሁን። አሚን በሉ እንጂ!

ራቢዓ፣ ነይ ውሰጂው። ትራንስክሪፕቷም አብሮ አለ፤ ማህተም አርፎበታል። ሀሊሜን ቅድም ቤተ መጻሕፍት አይቻታለሁ። የደረሰብሽን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያትና እሷ ትወስን። ካልፈለገች ትቅደደው። ከፈለገች ግን ማመልከቻው የሚያበቃው ዛሬ ነው። ፖስታ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን አሥር ተኩል ሆኗል። በር ላይ ባጃጅ አለ። ዳቦውን እናስቀምጥልሻለን፤ ሂጂ።