የዓይን ሐኪሙ ጸሐፊ፣ እትዬ ጣት

ውድ ለቀስተኞች፣ እኅታችንን ለመሸኘት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እያመሰገንን፣ ያለፉበትን መንገድ በአጭሩ እናሰማችኋለን።

እኅታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት ተወልደው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ወስደው በፍርድ ቤት ተቀጠሩ። በዚያም ሠላሳ አምስት ዓመት ሲያገለግሉ፣ ምስክር የተናገረውን ሳያሳምሩ እንዳለ በመጻፍ ይታወቁ ነበር። ከመምህር ባለቤታቸው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ያፈሩ ሲሆን፣ ባለቤታቸው በድንገት ሲያርፉ እናትም አባትም ሆነው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ጡረታ ሊወጡ ሲሉ፣ ዓይናቸውን ለመታየት በሄዱበት ተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚሠሩ አንድ የዓይን ሐኪም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረው ሲጽፉ የበሽተኛውን ፊት ማየት እንዳቃታቸው ነገሯቸው። እየመረመሩ የሚናገሩትን የሚጽፍላቸው ሰው ይፈልጉ ነበርና፣ እኅታችን ሥራውን ተቀብለው ከበሩ ጀርባ ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ተቀመጡ። የመድኃኒቱን ስም ሁሉ ከነርሶቹ እየጠየቁ በጥቂት ወራት ከሐኪሙ አፍ እኩል መጻፍ ስለቻሉ፣ ሠራተኞቹ «እትዬ ጣት» አሏቸው። በሽተኞችም ሐኪሙ ቀና ብለው ሲያነጋግሯቸው «ዛሬስ ዓይናችን በዓይን ታየ» እያሉ ይስቁ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ግን ክፉ ቀን መጣ። የአንዲት እናትን ግራ ዓይን ቀኝ ብለው መጻፋቸውን ያስተዋሉት፣ ሴትዮዋ ለቀዶ ጥገና በተጠሩበት ጠዋት ነበር። ሁለት ፎቅ ሮጠው ወጡና ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር ደርሰው በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አቁሙ! ግራው ነው፤ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ሴትዮዋንም ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠይቀው የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገቡ። ሐኪሙ ግን «ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ» ብለው ደብዳቤውን መለሱላቸው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህም የተጻፈው ጮክ ተብሎ ሳይነበብለት ማንም በሽተኛ ከክፍሉ አይወጣም ነበር። እኅታችን ይህን ጥፋታቸውን አልሸሸጉትም፤ ለአዲስ ጸሐፊ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው ይነግሩት ነበር።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ሲገኝባቸው፣ ልጆቻቸው ነገሩን ሊደብቋቸው ቢሞክሩም፣ እውነቱን ከሐኪማቸው ጠይቀው ሰሙ። ልጆቻቸውንም በአልጋቸው ዙሪያ ሰብስበው፣ ሁሉን እንደሚያውቁ ራሳቸው በግልጽ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ በቤቱ መሸሻሸግ ቀርቶ፣ የሚያስለቅሰውን አብረው አልቅሰው፣ የሚያስቀውን አብረው ሲስቁ ሰባት ወር ቆዩ። ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ የመጨረሻ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች አረፉ።

ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ሁለት ወንድሞቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በኀዘን ቀርተናል። አምላክ እውነትን ያልፈራች ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ የጎደለብንንም ቦታ በመጽናናት ይሙላልን።