እጅ ያልነካው አሣ

(ባሕር ዳር፤ አለልኝ ሃያ ዓመት አሣ በእጁ እየያዘ ሲለካ ኖሮ «እጁ አሣ ይገድላል» ተብሎ ከማራቢያ ጣቢያው ከተባረረና በምትኩ አሣውን ሳይነካ በምስል የሚለካ ካሜራ ከተተከለ አራት ወሩ ነው፤ ያባረረችው ኃላፊ፣ ዶክተር ማስተዋል፣ ዛሬ በእግሯ መጥታ ደጁ ላይ ቆማለች።)

ማስተዋል፦ ሠላሳ አሣ ብቻ ነው፣ ጋሼ አለልኝ። ግማሽ ቀን አይፈጅብዎትም።

አለልኝ፦ ካሜራ አላችሁ አይደል? እሱ ይለካላችሁ።

ማስተዋል፦ ይለካል። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ግን ውሃው ደፈረሰና ግራ ገባው። አጠገቡ ያለፈችውን ትንሽ ቆረሶ ሁሉ ትልቅ አምባዛ አሳክሎ ይጽፋታል።

አለልኝ፦ አሣው ወፈረ ማለት ነው፤ ምን አስከፋዎት?

ማስተዋል፦ ነገ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። የካሜራውን ልክ በእጅ ከተለካ ጋር ካላመሳከርን አይቀበሉንም። ሠራተኞቹ ሞክረው ነበር፤ አሣው እያመለጣቸው ሲሚንቶ ላይ ተፈጠፈጠ።

አለልኝ፦ የእኔ እጅ እኮ ይገድላል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አለኝ፣ ላምጣልዎት?

ማስተዋል፦ ያን ጊዜ አሣው እያለቀ ነበር። የበላዮቼ ምክንያቱን አምጪ ብለው ወጥረው ያዙኝ።

አለልኝ፦ ካሜራው ከመጣ ወዲህ አሣውን ማን ነካው?

ማስተዋል፦ ማንም።

አለልኝ፦ መሞቱን ተወ?

ማስተዋል፦ ገምጋሚዎቹ የሚፈልጉት ልኩን ብቻ ነው።

አለልኝ፦ ዶክተር፣ ጠየቅኩዎት እኮ።

ማስተዋል፦ አልተወም። እንዲያውም ብሶበታል።

አለልኝ፦ ታዲያ ማን ገደለው?

ማስተዋል፦ ፓምፑ። ንጋት ላይ ይቆማል፤ ውሃው አየር ያጣል። አሁን በካሜራው እናየዋለን፤ አሣው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይወጣል።

አለልኝ፦ እኔ ያለ ካሜራ ነግሬዎት ነበር። አምና ሐምሌ፣ ቢሮዎ ቆሜ።

ማስተዋል፦ ነግረውኛል።

አለልኝ፦ ምራቴ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። ሕፃኑን አንድ ቀን አላሳቀፈችኝም። እጄን ስዘረጋ «አሁን ተኝቷል፣ አባባ» ትለኛለች፣ ዓይኑን ገልጦ እያየሁት። ሰፈሩ ሁሉ እጀ መርዝ ካለኝ እሷስ ምን ታድርግ?

ማስተዋል፦ ይኼን አላወቅኩም።

አለልኝ፦ እንግዲህ አወቁ። «የገደለው ፓምፑ እንጂ የእሱ እጅ አይደለም» ብለው በዚያው ማኅተም ይጻፉልኝ። ሠላሳ አይደለም፣ ሦስት መቶ እለካለሁ።

ማስተዋል፦ ወደ ሥራዎ ልመልስዎት። ደብዳቤው ግን ይቅር።

አለልኝ፦ ለምን ይቀራል?

ማስተዋል፦ ፓምፑ የእኔ ኃላፊነት ነው። ከጻፍኩ ነገውኑ የምባረረው እኔ ነኝ።

አለልኝ፦ እኔን ያባረሩኝ ዕለት በሩ ድረስ ሸኝተውኝ ነበር። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?

ማስተዋል፦ «አይዞዎት፣ ይለመዳል» አልኩዎት።

አለልኝ፦ አይዞሽ፣ ይለመዳል።