ምስር የምታክል ስርጉድ

እንደምን ዋልክ ልጄ። አይ፣ አይ፣ ሥራህን ቀጥል፤ እኔ እዚህ አግዳሚው ላይ ቁጭ እላለሁ። አልቸኩልም። ... መስታወቱ አዲስ ነው እንዴ? አሃ፣ የድሮው ነው። ተወልውሎ ነው። ጥሩ ነው፤ የተወለወለ ነገር ሁሉ አዲስ ይመስላል።

እኒህ ወንበሩ ላይ ያሉት ጌታዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊታቸው በሙሉ አረፋ ነው፤ ማን እንደሆኑ አልለየኋቸውም። ዓይኔም ደክሟል። ጌታዬ፣ ኧረ አይንቀሳቀሱ፣ ምላጭ ነው! ምላጭ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ሰው መልስ እንኳ መስጠት የለበትም። እኔ ከልጁ ጋር ነው ወሬዬ።

ዛሬ ምን ነካው ትለኝ ይሆናል። አንተ ጋ ስንት ዓመት ተላጨሁ? አሥራ አንድ? በአሥራ አንድ ዓመት «ጎን ጎኑን አሳጥረው» ከማለት በቀር ምን ብዬህ አውቃለሁ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። የኔ አፍ ሲዘጋ ዝንቡ ውስጥ ቀርቶ ነው መሰለኝ፣ ዛሬ ጥዝዝ አለብኝ። ደስ ብሎኝ ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን እስቃለሁ። ባለቤቴ «ሐኪም ቤት ልውሰድህ?» ብላኛለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሞተረኞች ማኅበር አዳራሽ ትመጣለህ አይደል? የትንንሽ ሞተሮች ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ከሁሉ መሀል፣ በመስታወት ሣጥን፣ ከጫማ የማትበልጥ የድሮ የእሽቅድምድም ሞተር አለች። ሄደህ እያት! አንድ የማውቃቸው ሰው ናቸው የሠሯት። ስማቸው ምን ያደርግልሃል ... በነሐስ ሰሌዳ ተጽፎልሃል።

እኔን የሚገርመኝ እጃቸው ነው። ለስላሳ እጅ። ከብዕር የከበደ ነገር ያላነሳ እጅ። ያ እጅ ነው እንግዲህ ዘጠና ስድስት የጎማ ማዞሪያ ካቴና ቀለበት ከሰርዲን ቆርቆሮ አንድ በአንድ የቆረጠው። አንዲት ጭረት እንኳ አይታይበትም! የኔን እጅ እየው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ፕላስተር እንደለበሰ ነው። ምን ቆርጦኝ እንደሆነ እንጃ።

የጎማዋ ቀጫጭን ሽቦዎች የጊታር ክር ናቸው። የጭስ ማውጫዋ የቴሌቪዥን አንቴና ነው። የኛም ቤት ቴሌቪዥን አንቴናው ከጠፋ ሁለት ዓመቱ፤ ባለቤቴ ዜናውን እንደ ሬዲዮ ነው የምትሰማው። መቀመጫዋ ደግሞ ከጫማ ምላስ የተቆረጠ ቆዳ ነው። ... ወደ እግሬ ምን አሳየህ? አዎ፣ የግራው ምላስ የለውም። አጋጣሚ ነው። በዓለም ላይ ስንት ምላስ የሌለው ጫማ አለ!

ደግነታቸውን ደግሞ አልነገርኩህም። ያልተማረ ሰው ሲያዩ አንጀታቸው አይችልም። ለኤግዚቢሽኑ ማኅበሩ ፎርም አምጣ አለኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ከየት አምጥቼ ልሙላ? እሳቸው ጸሐፊ ናቸው ... የማኅበሩ። «አባባ፣ እኔ እሞላልዎታለሁ፤ እርስዎ አውራ ጣትዎን ብቻ» አሉኝ። ጣቴን ራሳቸው ይዘው ቀለሙ ውስጥ ነከሩልኝ። ራሳቸው ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጉልኝ። ከዚያ በመሐረባቸው ጠረጉልኝ። በገዛ መሐረባቸው! እናቴ እንኳ እንዲህ አልጠረገችኝም።

ሐሙስ ዕለት ከባለቤቴ ጋር ላያት ሄድኩ። ባለቤቴ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ቆጥራለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፣ የመድኃኒት ብልቃጥም ቢሆን። የነሐሱን ሰሌዳ አነበበችው። «ሠሪ» ይላል፤ የእኚያ ሰው ስም ይከተላል። ከሥሩ በደቃቁ «ምስክር» ይላል፤ የኔ ስም ይከተላል። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ የምገባበት አጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የምግብ ጠረጴዛዋን በብረት ብናኝ የሞላሁባት፣ ለካ ስመሰክር ነው!

ምን አጉረመረምክ? አይ፣ ቅር አላለኝም። ምስክርነት ትንሽ ነገር ነው እንዴ? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባል ነበር። ዘንድሮ ተሻሽሏል፤ ሥራው ለምስክሩ፣ ስሙ ለጸሐፊው። ጊዜው ነው።

... ጌታዬ አሳላቸው። አረፋው አፍንጫቸው ገብቶ ይሆናል። ቀስ በል ልጄ።

ይልቅ ዋናውን ስማኝ። እኚያ ሰው መሥራት ብቻ አይደለም፣ ማስተካከልም ይችላሉ። «አባባ፣ ሁለት ስህተት ነበር፤ አርሜዋለሁ» አሉኝ። አንደኛው ማርሿ ነው። በቀኝ እግር በኩል ነበረች። «ማርሽ በግራ ነው፤ መጽሐፍ ላይ አለ» አሉና ወደ ግራ አዞሯት። መጽሐፉን አሳዩኝ። የሚያምር መጽሐፍ ነው! ዘንድሮ ከፋብሪካ የወጡ ሞተሮች ሁሉ አሉበት። የዛሬ አርባ አምስት ዓመት ማርሹ በቀኝ፣ ፍሬኑ በግራ እንደነበር ግን መጽሐፉ ማንን ጠይቆ ይወቅ? ያኔ አልተወለደም።

ሁለተኛው የቤንዚን ታንከሯ ነው። ምስር የምታክል ስርጉድ ነበረባት። «ይቺ መዶሻ ያመለጠው ሰው ሥራ ነች» ብለው በስቱኮ ሞሉዋት፤ ቀለም ቀቡዋት። አሁን እንቁላል ነው የምትመስለው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። እሳቸው ተምረውም፣ ጠምጥመውም አበቁ፤ የቀራቸው መጠየቅ ብቻ ነበር። ለመጠየቅ ደግሞ ማን ጊዜ አለው?

ነፋሱ የሚሉትን ሰው ታውቀዋለህ? ኧረ አታውቀውም፣ ልጅ ነህ። ነፋሱ ያቺን ሞተር፣ ትልቋን፣ እውነተኛዋን ይነዳ የነበረው ነው። ሦስት ጊዜ በላይዋ ሆኖ አንደኛ ወጥቷል። እኔ መካኒኩ ነበርኩ። ትልቋ ተሸጣ ቀልጣ አሁን የሰው በር ሆና ይሆናል። የመጀመሪያው ውድድር ጠዋት መፍቻ ከእጄ አምልጦ ታንከሯ ላይ ወደቀ። ስርጉድ! እኔ እንባዬ መጣ። እሱ ምን አደረገ? አውራ ጣቱን ስርጉዷ ውስጥ ከተተና «ዕድሌን እዚህ አስቀመጥክልኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ጣቱን እዚያ ሳያሳርፍ ተነሥቶ አያውቅም። ላስተካክልልህ ስለው «እጅህን እሰብረዋለሁ» ይለኝ ነበር።

ዛሬ መርቆ የሚከፍተው እሱ ነው። ዓይኑ ጠፍቷል፤ በእጁ ነው የሚያየው። ካቻምና በስልክ «ምነው ያቺን ሞተር አንድ ጊዜ ብቻ በዳሰስኳት» አለኝ። እንግዲህ እኚያ ሰው ይህን ከየት ሰምተው ሊሠሩለት እንደተነሡ እግዜር ይወቅ። ልበ ብርሃን ናቸው።

አሁን የምስቅበትን ልንገርህ። የእጅ ሥራ መቼም ሙከራ አለው። ከዋናዋ በፊት አንዲት ሸካራ፣ ቀለም ያልነካት ሙከራ ተሠርታ ነበር። በምን አጋጣሚ እንደሆነ ... እኔ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ናት። ነፋሱ ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ የመጣው እኔው ዘንድ ነው። እኔ ምንም አልነገርኩትም። የደከመ እንግዳ ነው ብዬ ቁም ሣጥኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። በሩን መዝጋት ረስቼ። እርጅና ነው።

እጁ ሄደ። አገኛት። ቀኝ ጎኗን ዳሰሰ፣ ማርሿን በጥፍሩ ቀጭ አደረጋት፣ ሳቀ። ከዚያ አውራ ጣቱ ታንከሯ ላይ ወጣ። ሊገባበት አይችልም መቼም፣ ምስር ናት፤ በጥፍሩ ጫፍ ፈለጋት። ሲያገኛት ... ልጄ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ ሕፃን ሲጮህ ሰምተህ ታውቃለህ? ጎረቤት መጣብን። ባለቤቴ ውኃ ይዛ ሮጠች። ሁለታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን በአፋችን የሞተሩን ድምፅ ስናሰማ ደረሰችብን። ሁለት ሽማግሌ! «እብዶች» አለችን፤ ከዚያ እሷም አብራን ሳቀች።

ሲነሣ ምን አለኝ መሰለህ? «ዋናዋን የሠራትን ሰው መድረክ ላይ እጠራዋለሁ። ጥያቄ የለኝም። አውራ ጣቴን ይያዝና ዕድሌ ካለበት ቦታ ያሳርፍልኝ። በቃ።»

እሳቸው መቼም ጣት መያዝ ይችሉበታል።

... ስንት ሰዓት ነው? ሰባት ተኩል? ብዙ ጊዜ አለ። ስቱኮ በጥፍር ይላቀቃል። ማርሹ ሁለት ብሎን ነው። ሰሌዳውም አራት ብሎን ነው። አንድ የሚያውቅ ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም ... ከጠየቁት። መፍቻዋም ኪሴ ውስጥ ናት፤ ይቺውልህ፣ ከክብሪት እንጨት አትበልጥም። ማንም ግን አልጠየቀኝም። እኔ ምስክር ነኝ።

ኧረ ገና አትጥረግላቸው! አረፋው ይቆይ። እኔ ነገ እመጣለሁ፤ ዛሬ ጢሜም እንደኔ ይሳቅ። ጌታዬ፣ ማንም ይሁኑ ማን፣ በወሬ አደነቆርኩዎ፤ ጆሮዎ እንዲህ የቀላው በኔ ጩኸት ይሆናል።

ለእኚያ ለማውቃቸው ሰው ግን ሳልመርቅ አልወጣም። አሜን በል ልጄ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። አዳራሹን ጢም አድርጎ ይሙላላቸው። ስማቸውን ከዚያች ሞተር አይለይባቸው። ያ ዓይነ ስውር ወዳጄ አውራ ጣቱን ሲዘረጋላቸው እጃቸውን አያንቀጥቅጥባቸው። «ማን ሠራት?» የሚልም ቢመጣ፣ ምስክር አያሳጣቸው ... እኔ እንደሆንኩ ፈርሜላቸዋለሁ።