ሸክሙን ከጀርባው ያወረደው ፖስተኛ

ቅዳሜ ጠዋት የሞተር ብስክሌቴ ጎማ ተንፍሶብኝ ጥገና ቤት ገባሁ። እስኪለጠፍልኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰውና አንዲት ወጣት በሩ አጠገብ ሲከራከሩ ሰማሁ። ሰውየው ሠላሳ ዓመት በሞተር ብስክሌት ደብዳቤ ያደረሱ ጡረተኛ ፖስተኛ ናቸው፤ ወጣቷ በሙያ ትምህርት ቤት ጥገና የምታስተምር የወንድማቸው ልጅ ናት።

የፖስተኛው ታናሽ እህት ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ መኪና በማይደርስበት ሰፈር ትኖራለች። ከአራት ዓመት በፊት ሊጠይቋት ሲሄዱ አሸዋ ላይ ወደቁና በጀርባ ቦርሳቸው የነበረው የብረት መፍቻ አከርካሪያቸውን መታቸው። ሦስት ወር ተኙ። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነው። አሁን የእህታቸው ዓይን እየደከመ ስለሆነ ለመሄድ ቆርጠዋል፤ ግን ያንኑ ቦርሳ አዝለው።

"ጋሼ፣ ይሂዱ፤ እንዲህ ተጭነው ግን አይሂዱ።"

"ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት መፍቻውንም ውኃውንም በጀርባዬ ይዤ ኖሬያለሁ። በስተርጅና ምን ልታስተምሪኝ ነው?"

"ያ ጀርባ አይደል እንዴ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር ያቃተው?"

እኔም ሳልጠየቅ "እውነቷን ነው" አልኩ።

"ብረቱን ሞተሩ ይሸከመው" አለች። "በጨርቅ ጠቅልለን ከመቀመጫው ኋላ ዝቅ አድርገን እናጥብቀው። ከፍ ካለ ያወዛውዛል፣ ከላላ ይጥላል። ጀርባዎ ላይ የሚሆነው ይህ ለስላሳ የውኃ ከረጢት ብቻ ነው፤ ቱቦው በትከሻዎ ስለሚመጣ ሳይቆሙ ይጎነጫሉ።"

"እየሄዱ መጎንጨት የሕፃን ነገር ነው። እኔ የምጠጣው ስደርስ ነው።"

"ያን ዕለት ከመውደቅዎ በፊት ዓይንዎ ጭልም አላለም? ውኃው የት ነበር?"

"ከቦርሳው ሥር" አሉ ቀስ ብለው። "ማን ቆሞ ያን ሁሉ ይፈታል ብዬ።"

ወጣቷ ሲወድቁ የሚያድን የደረትና የጉልበት መከላከያ ከመደርደሪያው አወረደች። "የድሮው መከላከያዬ ግን ያፍነኝ ነበር" አሉ ፖስተኛው።

"ልክዎ ስላልነበረ ነው። ይኸኛው እንደ ወንፊት ነው፤ ነፋስ ያስገባል። የከረጢቱን ማሰሪያ በላዩ ደረትና ወገብዎ ላይ ሲያስሩት ከሰውነትዎ ጋር አንድ ይሆናል።"

ፖስተኛው መንገዱን አሻግረው ተመለከቱ። "እህቴ በቀደም ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ድምፅህን በየቀኑ እሰማለሁ፤ መልክህ ግን እየጠፋብኝ ነው' አለችኝ። ሳይጨልምባት እንድታየኝ ነው የምፈልገው።"

"እንድታይዎ መጀመሪያ መድረስ አለብዎ።"

ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። "እሺ፣ እሰሪልኝ" አሉ።

ወሬያቸው ከልቤ ስላልወጣ በሳምንቱ ወደ ጥገና ቤቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ ፖስተኛውን እዚያው አገኘኋቸው።

"ሁለቴ ወደቅሁ" አሉኝ። "አቧራዬን አራግፌ ተነሣሁ። ሰንሰለቱ ሲወልቅ መፍቻውን ሳልፈልግ አገኘሁት። ጉሮሮዬም አልደረቀም።"

"እህትዎስ?"

"ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ 'አርጅተሃል' አለችኝ።"

አንባቢ ሆይ፣ ብረትን ለሞተሩ፣ ውኃን ለአፍ ቅርብ፣ መከላከያን በልክ ማድረግ ቅንጦት አይደለም። ጀርባን ያድናል፣ ልብን ከመዛል ይጠብቃል፣ ሰውን ካሰበበት ያደርሳል።

"ከእንግዲህ በየወሩ እሄዳለሁ" አሉ ፖስተኛው። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አራት ዓመት ሙሉ መንገዱን ስረግም ኖርኩ። ምክር ቀድሜ ብሰማ ኖሮ ጥርት አድርጋ ታየኝ ነበር" አሉኝ።